የአልጋ ወራሹ ጕረሮ
ከሕመምተኛ ገላ ተቈርጦ ስለሚመረመር የሥጋ ቅንጣት

የጥንት ሐኪሞች በሰው ገላ ላይ እብጠት በወጣ ጊዜ ክፉ ወይም ደግ መሆኑን የሚለዩት በዐይን አይተው በእጅ ዳስሰው ነበር። እብጠቱ ጠንክሮ ከሥሩ ያለውን ሥጋ የያዘ እንደ ሆነ ክፉ ነው ይላሉ፤ ለስላሳና ተንቀሳቃሽ እንደ ሆነ ግን ተስፋ ይሰጣሉ። ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ ቢቀናም የሚረጋገጠው በሽታው ከገፋ በኋላ ነበርና ለሕመምተኛው የሚሰጠው ጥቅም ጥቂት ነበረ። ኋላ ግን ከሕያው ሰው ገላ ጥቂት ሥጋ ቈርጦ በማይክሮስኮፕ የመመርመር ጥበብ ተነሣ። ይህ ጥበብ የሚችለውና የማይችለው ነገር በዓለም ሁሉ ፊት የታየው በጀርመን አልጋ ወራሽ በልዑል ፍሪድሪኽ ሕመም ነው። ከዚህ በታች የሚነገሩት ወሮችና ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የጥበቡ መሠረት የተጣለው ቀስ በቀስ ነው። በ1838 ዓ.ም. የበርሊኑ መምህር ዮሐንስ ሙለር ስለ እብጠቶች ረቂቅ አሠራር መጽሐፍ አሳተሙ፤ እብጠትም እንደ ሌላው ሥጋ ሁሉ ከሕዋሳት የተሠራ መሆኑን አስረዱ። ደቀ መዝሙራቸው ሩዶልፍ ፊርኾም በ1858 ዓ.ም. ባሳተሙት ትምህርት እያንዳንዱ ሕዋስ ከሌላ ሕዋስ እንደሚወለድ፥ በሽታም ማለት የሕዋሳት መለወጥ እንደ ሆነ አስተማሩ። እንዲህ ከሆነ፥ ሕዋሱን ያየ በሽታውን ያውቃል ማለት ነው። በ1879 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ሐኪም ኤርኔስት ቤስኒዬ ለዚህ ምርመራ «ባዮፕሲ» የሚል ስም አወጡለት፤ ከጽርእ ቃል የተገኘ ሲሆን ሕያዉን ማየት ማለት ነው።

የምርመራው ጥቅም ከቋንቋችን ይታወቃል። በአማርኛ «ነቀርሳ» የሚለው ስም ለሁለት በሽታዎች ሲነገር ይሰማል፤ አንዱ ከረቂቅ ተሐዋስያን የሚመጣው የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ሁለተኛው የሰውዬው የገዛ ሕዋሳት ከሥርዓት ወጥተው የሚበዙበት፥ ካንሰር የሚባለው ነው። ሁለቱም በአንገት ላይ እብጠት ሊያወጡ ይችላሉ፤ ለእጅም አንድ መስለው ይዳሰሳሉ። መድኀኒታቸው ግን የተለያየ ነው። ይህን የሚለየው ከእብጠቱ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ የታየው ቅንጣት ነው።

ወደ ነገራችን እንመለስ። በጃንዋሪ 1887 ዓ.ም. የ55 ዓመት ሰው የነበሩት ልዑል ፍሪድሪኽ ድምፃቸው ጐረነነ። አባታቸው ቀዳማዊ ቪልሄልም ወደ 90 ዓመት ተጠግተው ስለ ነበረ፥ ልዑሉ በቅርብ ጊዜ ዙፋን እንደሚወርሱ የታወቀ ነበር። በማርች ወር መምህር ጌርሃርት በግራው የድምፅ አውታር ላይ ትንሽ እብጠት አዩ፤ በጋለ ሽቦ ቢያቃጥሉትም ተመልሶ በቀለ። በሜይ ወር ታላቁ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኤርንስት ፎን ቤርግማን ካንሰር ነው ብለው ጠረጠሩ፤ ማንቍርቱ ከውጭ ተከፍቶ እብጠቱ እንዲወጣም መከሩ። ይህ ግን ሕይወትንም ድምፅንም የሚያሠጋ ሥራ ነበረና፥ ከለንደን ሞሬል ማኬንዚ የሚባሉ የጕረሮ ሐኪም ተጠሩ። እርሳቸውም ሥጋው ሳይመረመር ቢላዋ አይነሣም አሉ።

ምክሩ በጥበቡ ሕግ የቀና ነበረ። በሜይ 21 ቀን ማኬንዚ በአፍ በኩል ወረንጦ አግብተው ትንሽ ቅንጣት ነቀሉ፤ ቅንጣቱም ወደ ፊርኾ ተላከ። በዘመኑ ከእርሳቸው የበለጠ መርማሪ አልነበረም። ፊርኾ መረመሩና የካንሰር ምልክት አላገኘሁም አሉ። ደግሞ ሌላ ቅንጣት ተላከላቸው፤ መልሱም ያው ሆነ። ቀዶ ሕክምናው ቀረ። ልዑሉም በጁን ወር ወደ ለንደን ሄደው በአማታቸው በንግሥት ቪክቶሪያ የ50 ዓመት የንግሥ በዓል ላይ ተገኙ።

በኖቬምበር ግን በኢጣልያ አገር በሳን ሬሞ ሳሉ ከድምፅ አውታሩ በታች ሌላ እብጠት ታየ፤ ማኬንዚም ሳይቀሩ ካንሰር መሆኑን አመኑ። ማንቍርቱ ጨርሶ እንዲወጣ ቢነገራቸው ልዑሉ እንቢ አሉ። በፌብሩዋሪ 9 ቀን 1888 ዓ.ም. መተንፈስ ቢያቅታቸው የአየር ቧንቧቸው ተበሳ። ከአንድ ወር በኋላ በማርች 9 ቀን አባታቸው ሞቱ፤ ድምፅ የሌላቸው ሰው ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ፈቃዳቸውን በወረቀት እየጻፉ ለ99 ቀን ነገሡ፤ በጁን 15 ቀን ዐረፉ። አስከሬናቸው በተመረመረ ጊዜ ማንቍርታቸው በካንሰር ፈርሶ ተገኘ፤ ከመርማሪዎቹም አንዱ ራሳቸው ፊርኾ ነበሩ።

ከዚህ በኋላ በጀርመንና በእንግሊዝ ሐኪሞች መካከል ብርቱ ክርክር ተነሣ፤ እያንዳንዱ ወገን በጽሑፍ ሌላውን ከሰሰ። ቀዶ ሕክምናው በጊዜው ቢደረግ ያድናቸው ነበር ብሎ መማል አይቻልም፤ በዚያ ዘመን በእንዲህ ያለው ሥራ የሚሞቱት ብዙዎች ነበሩና። ነገር ግን ፊርኾ በዘገባቸው ውስጥ አንድ ነገር ጽፈው ነበር፤ ይኸውም ፍርዱ በተሰጣቸው ቅንጣት ላይ እንደ ሆነ፥ ለበሽታው ሁሉ ይበቃ እንደ ሆነ ግን ከቅንጣቱ ብቻ በርግጥ ሊታወቅ እንደማይችል ነው። ቤተ መንግሥቱ የሰማው «የለም» የሚለውን ቃል ነው፤ ከቃሉ ጋራ የተጻፈውን ወሰን ግን ልብ ያለው ጥቂት ነበረ።

ጥበቡ ከዚያ ወዲህ እጅግ አድጓል። በ1893 ዓ.ም. ፈርዲናንድ ብሉም ፎርማሊን ሥጋን ሳያበላሽ እንደሚያቈይ አስታወቁ። በ1905 ዓ.ም. በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ ሉዊስ ዊልሰን የተቈረጠውን ሥጋ በብርድ አጠንክረውና ቀለም ነክረው፥ ሕመምተኛው ከቀዶ ሕክምናው አልጋ ሳይነሣ በጥቂት ደቂቃ መልስ የሚገኝበትን ዘዴ አበጁ። ዛሬ መርማሪው የሕዋሱን እንብርት መጠንና ቅርጽ ይመለከታል፤ ሕዋሳቱ ድንበራቸውን ጥሰው ወደ ታችኛው ሥጋ ገብተው እንደ ሆነም ይፈልጋል። ቅንጣቱ ከላይ ብቻ የተላጠ ከሆነ ግን ድንበሩ ራሱ አይታይም። ስለዚህ የምርመራው መልስ «የለም» ሲል፥ የሐኪሙ ዐይንና እጅ ግን «አለ» ሲሉ፥ ደግሞ ከጥልቁ ይወሰዳል።

በችሎት ፊት የቆመ ታማኝ ምስክር ያየውን ይናገራል፤ ያላየውን ግን አይናገርም። የሥጋ ቅንጣትም እንዲሁ ነው። በፍሪድሪኽ ጕረሮ ነገር ምስክሩ አልዋሸም፤ በቦታው ያልነበረውን ምስክር ግን የጠየቀው አልነበረም።