ጠብታው የሚወድቅበትና ውሃው የሚገባበት

እንግዲህ ስሙኝ። ይህ የሆነው ሽሮ ሜዳ ነው፣ እንጦጦ ግርጌ፣ ሰኔ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት።

እማማ እያልን የምንጠራቸው ጎረቤታችን ቤት ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። በ1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ የቀበሌ ቤት ሆኗል። የቀበሌ ኪራይ ትንሽ ነው፤ በዚያ ኪራይ ጣራ አይቀየርም። ተከራይም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ጥሪቱን ማውጣት ይፈራል። በዚህ መሀል ስንት ክረምት አለፈ! አዲስ አበባ ውስጥ አልጋው ላይ ሳፋ ደቅኖ ቁጭ ብሎ የሚያነጋ ሰው አለ፤ ይህ ነገር ያንገበግበኛል።

የእማማ ልጆች በየክረምቱ ጣራ ላይ ይወጣሉ፣ ጠብታው በሚወድቅበት ትይዩ ሬንጅ ይለቀልቃሉ፣ ይወርዳሉ። ዝናቡ ሲመለስ ቤቱ ያው ያፈሳል። በዚያ ዓመት ግን የሰፈሩ ሰው ገንዘብ አዋጣና አንድ አዛውንት አናጢ ተጠሩ።

አናጢው ጣራ ላይ አልወጡም። ገቡና “በሩን ዝጉልኝ” አሉ። ቤቱ ሲጨልም ኮርኒሱ በተገነጠለበት በኩል ቀና ብለው አዩ። የብርሃን ነጥቦች ፍንትው አሉ፤ ከአልጋው ትይዩ ሳይሆን ሁለት ክንድ ያህል ከፍ ብሎ! ውሃው እዚያ ይገባል፣ ወራጁን እንጨት ይዞ ቁልቁል ይንሸራተታል፣ ጉጥ ሲያጋጥመው ይንጠባጠባል። ልጆቹ ያን ሁሉ ሬንጅ የቀቡት ደህናውን ቆርቆሮ ኖሯል።

ከዚያ ጣራው ላይ ወጡ። የቆርቆሮ ሚስማር የሚመታው ውሃ በማይሄድበት፣ በሞገዱ ጀርባ ላይ ነው። እዚያ ግን ግማሹ ቦዩ ውስጥ ተመትቷል። በጀርባው የተመታውም ላልቷል፤ ቆርቆሮው ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት በብርድ ይኮማተራል፣ በዚህ መሳሳብ ሚስማሩ ይነሳል፣ ከራሱ ሥር ያለችው ጎማም ደርቃ ትሰነጠቃለች። የዚንኩ ሽፋን ያለቀበትን ዝገት በልቶታል።

“እትዬ፣ ብርሃን የሚያስገባው ቆርቆሮ መጠገኛ የለውም፤ ይቀየር” አሉ።

“ሌላውስ፣ ወንድሜ?”

“ሌላውን ሚስማሩን ነቅለን በጀርባው እንመታዋለን። የድሮውን ቀዳዳ በሬንጅ እንደፍነዋለን።”

ገንዘብ ያዡ “35 ጌጅ ይበቃል፣ ርካሽ ነው” ቢል አናጢው በጄ አላሉም። የቆርቆሮ ጌጅ ቁጥሩ ሲያድግ ብረቱ ይሳሳል፤ 28 ከ32 ይወፍራል፣ 35 ከሁለቱም የሳሳ ነው። በረዶ በሚወርድበት ሰፈር በሳሳ ቆርቆሮ ቤት መክደን ድሃን ሁለቴ ማስከፈል ነው፤ እኔም ከአናጢው ጋር ነኝ። ጥቂት ቅጠል ቆርቆሮ፣ ግን ወፍራም፣ ተገዛ።

ከታች ጀምረው ወደ ላይ መቱት፣ የላይኛው የታችኛውን አንድ ስንዝር ያህል እየደረበ። የጎኑን መደረቢያ ነፋስ የሚያመጣው ዝናብ እንዳይገባበት ጀርባ አሰጡት። የባህር ዛፍ ቅጠል የደፈነውንም አሸንዳ ጠረጉ፤ ከእሱ ሞልቶ የሚፈሰው ውሃ ለካ የጓሮውን ግድግዳ ጭቃ እያጠበ ማገሩን አበስብሶታል።

ሐምሌ ላይ ሌሎች ጎረቤቶች ያፈስባቸው ጀመርና አናጢውን ሊለምኑ ሄዱ። እሳቸው ግን “እርጥብ እንጨት ላይ ቆርቆሮ አልመታም፣ ዝናብ ላይም ሰው ጣራ አላወጣም። ለጊዜው ሸራ ወጥሩ፤ ገንዘቡን ከአሁኑ አዋጡና ጥቅምት ላይ ጥሩኝ” ብለው መለሷቸው።