ራስን የማረም ልማድና ሁለተኛው ሰው

የስብዕና ግንባታ መጻሕፍት ዛሬ ከመደብርም ከመንገድ ዳር አዟሪም እጅ አይጠፉም። አብዛኞቹ ለአንባቢው የሚነግሩት ተመሳሳይ ነው፦ ለውጡ በእጅህ ነው፤ በርህን ዘግተህ ራስህን መርምር፣ ዓላማህን ጻፍ፣ አስተሳሰብህን ቀይር። ለዚህ ምክራቸውም የጥንት ፈላስፎችን፣ በተለይ የሮም ዘመን ስቶይኮችን፣ ምስክር አድርገው ይጠራሉ። የተጠሩት ምስክሮች ግን የሚመሰክሩት ሌላ ነው። ራስን የመመርመር ልማድ ከሁለት ሺህ ዓመት ወዲህ የመጣበትን መንገድ የተከተለ ሰው፣ ልማዱ ሥር በሰደደበት ሁሉ ከመርማሪው አጠገብ ሌላ ሰው ያገኛል፤ መምህር፣ ወዳጅ፣ የነፍስ አባት ወይም ማኅበር። ይህ ሁለተኛ ሰው ከታሪኩ የወጣው በቅርብ ጊዜ ነው፤ በመውጣቱም ብዙ አጥተናል።

በባርነት ያደገው ኤፒክቴተስ፣ ንጉሠ ነገሥት ዶሚቲያን ፈላስፎችን ከሮም ባባረረ ጊዜ ወደ ግሪክ ምድር ተሻግሮ በኒቆጶሊስ ማስተማር ጀመረ። በሥልጣናችን ሥር ያለውን ከሌለው እንድንለይ ያስተማረው ትምህርት ዛሬ በየመጽሐፉ ይጠቀሳል። እርሱ ራሱ ግን ምንም አልጻፈም። የምናነበው ተማሪው አሪያን ከጉባኤው የያዘውን ማስታወሻ ነው፤ እዚያም ውስጥ መምህሩ ሲጠይቅ፣ ሲቆጣ፣ ተማሪውን በስንፍናው ሲገሥጽ ይሰማል። ሴኔካ ማታ ማታ መብራቱ ከተነሣ በኋላ ውሎውን አንድ በአንድ እንደሚመረምር ጽፏል፤ ልማዱን የወሰደው ሴክስቲየስ ከተባለ ፈላስፋ ነው፤ ስለ ነፍሱ ያሰበውንም ለወዳጁ ለሉኪሊየስ በተከታታይ ደብዳቤ ይልክ ነበር። ነገሩን ከሁሉ ይልቅ ያፈረጠው ግን ሐኪሙ ጋሌን ነው። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ነፍስ ሕማማት በጻፈው ድርሰት፣ ሰው ራሱን ስለሚወድ የገዛ ጥፋቱ አይታየውም ይላል፤ ስለዚህ ባለጠጋና ባለሥልጣን የማያሞግስ ሰው ፈልጎ «ጥፋቴን ንገረኝ» ብሎ ይለምነው። ያ ሰው ምንም ጥፋት አላየሁብህም ቢለው ደግሞ አይመነው፤ ቸል ብሎ ወይም ሊያስቀይመው ፈርቶ ይሆናልና። ከዚህ የበለጠ ቁርጥ ያለ ምክር በዘመናችን መጻሕፍት ማግኘት ይቸግራል።

ማርቆስ አውሬሊዮስስ? የሚል ይኖራል። ንጉሠ ነገሥቱ ማስታወሻውን ለሌላ አንባቢ ሳይሆን ለራሱ ነበር የጻፈው፤ ብቻውን ራሱን ለሚያርም ሰው ከእርሱ የተሻለ ምሳሌ የለም። መከራከሪያው ጠንካራ ይመስላል፤ የማስታወሻው የመጀመሪያ ክፍል ግን ከዳር እስከ ዳር ምስጋና ነው። ከአያቱ፣ ከእናቱ፣ ከመምህራኑ ምን ምን እንደተማረ በስም ይዘረዝራል። ጠባዩ መታረምና መታከም እንደሚያስፈልገው የተረዳው በመምህሩ በሩስቲከስ በኩል እንደሆነ ይናገራል፤ የኤፒክቴተስንም ቃል ያነበበው ይኸው ሩስቲከስ ከገዛ ቤቱ ባመጣለት ቅጂ ነው። ብቻውን የጻፈው ሰው ብቻውን አልታረመም።

የግብፅ በረሃ መነኮሳት ይህንኑ ሥርዓት አጠበቁት። ለጀማሪ መነኩሴ ሐሳቡን ከአረጋዊ አባት ፊት ሳይደብቅ መግለጥ ዋና ተግባሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ399 ያረፈው ኢቫግሪዮስም ነፍስን የሚፈትኑ ሐሳቦችን በስምንት ከፍሎ፣ አንዱ ሌላውን እንዴት እንደሚጠራ ተንትኗል። ወደ አገራችንም የበረሃው ጥበብ በመጻሕፍት ደርሷል። ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ መጻሕፍተ መነኮሳት ተብለው በትርጓሜ ቤት ከብሉይ፣ ከሐዲስና ከሊቃውንት ጋር የሚሰየሙ ናቸው፤ ደቀ መዝሙሩም ትርጓሜውን የሚቀበለው ከመምህሩ አንደበት ነው። ገዳም ያልገባው ምእመን ደግሞ የነፍስ አባት አለው።

ልማዱ ከሃይማኖት ወጥቶ ወደ ገበያ በገባበት ዘመን እንኳ ሁለተኛው ሰው ወዲያው አልጠፋም። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በየሳምንቱ አንድ ጠባይ እየመረጠ፣ ጉድለቱን በትንሽ ደብተር በነጥብ እየመዘገበ ራሱን ለማሻሻል የሞከረ ሰው ነው፤ የዛሬው የልማድ መቆጣጠሪያ ሰንጠረዥ ከዚያ ደብተር ብዙም አይርቅም። በዝርዝሩ መጀመሪያ 12 ጠባዮች ብቻ ነበሩ። 13ኛውን፣ ትሕትናን፣ የጨመረው አንድ የኩዌከር እምነት ተከታይ ወዳጁ ሰዎች ትዕቢተኛ እንደሚሉት ከነምሳሌው ነግሮት ነው። ያን ሁሉ ነጥብ ሲመዘግብ የኖረ ሰው ዋናውን ጉድለቱን ከደብተሩ አላገኘውም። እ.ኤ.አ. በ1727 በፊላዴልፊያ ያቋቋመው የመማማሪያ ማኅበርም ነበረው፤ እዚያ በግትርነት የተናገረ አባል ትንሽ መቀጮ ይከፍል ነበር። የሳሙኤል ስማይልስ ታሪክ ደግሞ ከዚህም ይበልጥ ያስደንቃል። እ.ኤ.አ. በ1859 የታተመው መጽሐፉ ለዘመናዊዎቹ የራስ አገዝ መጻሕፍት ሁሉ ስማቸውን ያወረሰ ነው። መነሻው ግን በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ ጥቂት ድሃ ወጣቶች በክረምት ምሽቶች እርስ በርስ ለመማማር መሰብሰባቸው ነው። ቁጥራቸው ሲበዛ ቀድሞ የኮሌራ ሕሙማን ማቆያ የነበረ ክፍል ተከራዩ፤ ስማይልስንም መጥቶ እንዲያነጋግራቸው ጠየቁት። መጽሐፉ የዚያ ክፍል ፍሬ ነው። ገዢው ግን መጽሐፉን እንጂ ክፍሉን ይዞ መሄድ አልቻለም፤ ሁለተኛው ሰው የጠፋው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ አልበርት ኤሊስና ከእርሱ በኋላ አሮን ቤክ አስተሳሰብን በማረም የተመሠረተ የሥነ ልቦና ሕክምና ሲያቋቁሙ የስቶይኮችን ባለውለታነት በግልጽ ጽፈዋል። በዚህ ሕክምና ታካሚው ሐሳቡን ቤቱ ይመዘግባል፤ መዝገቡን ይዞ ግን ሐኪሙ ዘንድ ይመለሳል፤ ሐሳቡ እውነት መሆን አለመሆኑን አብረው ይፈትሹታል። በመጽሐፍ ወይም በኮምፒውተር ብቻ የሚሰጠውም ሕክምና ቢሆን አልፎ አልፎ የሚከታተል ሰው ሲኖር በአብዛኛው የተሻለ ውጤት እንደሚያመጣ ጥናቶች አሳይተዋል።

አሁን ከባዱ ተቃውሞ ይመጣል። ሁለተኛው ሰው ጌታ ሊሆን ይችላል። ጥፋትህን እነግርሃለሁ ብሎ የሰውን ፈቃድ የሚነጥቅ መምህር፣ ምስጢርን ለሥልጣን የሚጠቀም አባት በየዘመኑ ታይቷል፤ በር ዘግቶ ብቻ መቀመጥን የመረጡትም ብዙዎች ከዚህ የሸሹ ናቸው። ይህ ፍርሃት ተገቢ ነው፤ እኔም አላቃልለውም። ሆኖም ጋሌን ስለ ማን መመረጥ እንዳለበት፣ የፍራንክሊን ማኅበርም ስለ ግትር ንግግር ደንብ ያወጡት ይህንኑ አደጋ ስላወቁ ነው። መልካም ሁለተኛ ሰው ከአንተ የሚያገኘው ጥቅም የሌለው፣ የአንተንም ተግሣጽ የሚቀበል ነው። ከመጥፎ መምህር መሸሽ ትክክል ነው፤ ከሰው ሁሉ መሸሽ ግን ጋሌን ወዳስጠነቀቀው፣ ራሱን ወዳድ ወደሆነው ዳኛ መመለስ ይሆናል።

ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱን በእጅህ የያዝህ አንባቢ ሆይ፣ መጽሐፉን አትጣለው፤ ብቻህን ግን አታንብበው። ሊያስቀይምህ የማይፈራ አንድ ሰው ፈልግና ጥፋትህን እንዲነግርህ ለምነው፤ አንተም ለእርሱ እንዲሁ ሁንለት።