የሉተር ቃል ለምን ቶሎ ተሰማ? የተሐድሶው ማኅበራዊ ሥር

ስለ ማርቲን ሉተር ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው አንድ መነኩሴና አንድ የቤተ ክርስቲያን በር ነው። ነገር ግን ከሉተር በፊትም የሮምን ጳጳስ የተቃወሙ ነበሩ። የቦሄሚያው ያን ሁስ በ1415 በእሳት ተቃጥሎ ሞቷል (ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ታዲያ ሁስ ተቃጥሎ ሉተር እንዴት ተረፈ? መልሱን በትምህርቱ ውስጥ ብቻ ብንፈልገው ሙሉውን አናገኘውም። ሕዝቡ እንዴት ይኖር እንደነበረም ማየት አለብን።

በመጀመሪያ ገንዘቡን እንይ። የብራንደንቡርጉ አልብረሽት በ1514 የማይንዝ ሊቀ ጳጳስ ሲሆን ለሮም የሚከፍለውን ብዙ ገንዘብ ፉገር ከሚባሉት የአውግስቡርግ ባለጠጎች ተበደረ። ዕዳውን ለመክፈል የተገኘው መንገድ ለሕዝቡ የኃጢአት ቅጣት ማስተሰረያ ወረቀት መሸጥ ሆነ። ከገቢው ግማሹ ለሮም የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ሥራ፣ ግማሹ ለዕዳው የታሰበ ነበር። የሳክሶኒው ልዑል ፍሬድሪክ ሻጮቹን ወደ አገሩ እንዳይገቡ ከለከላቸው። ለትምህርቱ ተቆርቁሮ ግን አልነበረም፤ የአገሩ ገንዘብ ወደ ተቀናቃኙ ቤት እንዳይፈስ ብሎ ነው። የዊተንበርግ ሰዎች ግን ድንበር እየተሻገሩ ይገዙ ስለነበር ሉተር ኦክቶበር 31 ቀን 1517 95 የመከራከሪያ ነጥቦቹን ጻፈ። በኋላም ሉተር በተወገዘ ጊዜ የሸሸገው ይኸው ልዑል ነው።

ሁለተኛው ከተማው ነው። በጀርመን ከተሞች ካህናትና መነኮሳት አብዛኛውን ግብር አይከፍሉም፣ በከተማውም ዳኛ ፊት አይቀርቡም ነበር። አንዳንድ ገዳማት ቢራ ጠምቀው ያለ ቀረጥ ሲሸጡ፣ ቀረጥ የሚከፍለው ጠማቂ ይከስር ነበር። ሉተር በ1520 የተጠመቀ ሁሉ ካህን ነው ብሎ ሲጽፍ፣ ሸማኔውና የከተማው ሹም “እንግዲያው ካህኑም እንደኛ ይገብር፣ እንደኛም ይዳኝ” ብለው ሰሙት። ለንጉሠ ነገሥቱ በቀጥታ ይገብሩ ከነበሩት 65 ያህል ከተሞች ከ50 የሚበልጡት በአንድ ወይም በሌላ ጊዜ ተሐድሶውን ተቀብለዋል። ላይስኒግ በምትባል ትንሽ ከተማ በ1523 የቤተ ክርስቲያኑ ገቢ በአንድ የጋራ ሣጥን እንዲገባና ለሰባኪው፣ ለትምህርት ቤትና ለድሆች እንዲውል ተወሰነ።

ሦስተኛው ማተሚያው ነው። ሉተር በ1520 በጀርመንኛ ለመኳንንቱ የጻፈው መጽሐፍ 4,000 ቅጂ በጥቂት ቀናት ውስጥ አለቀ። ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት ቢሆንም አንዱ በገበያ ወይም በመጠጥ ቤት ሲያነብ ብዙዎች ይሰሙ ነበር። በሁስ ዘመን ይህ አልነበረም።

ገበሬው ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ተጨንቆ ነበር። አስራት ይከፍላል፣ ለጌታው በነፃ ያርሳል፣ ከጫካው እንጨት መልቀም፣ ከወንዙም ዓሣ ማጥመድ ይከለከላል። አባት ሲሞት ከቤቱ ምርጡ ከብት ለጌታው ይወሰዳል። በ1525 የደቡብ ጀርመን ገበሬዎች ሜሚንገን ከተማ ላይ 12 ጥያቄዎች አወጡ። የመጀመሪያው ሰባኪያችንን ራሳችን እንምረጥ የሚል ነበር፤ ሦስተኛው ደግሞ ክርስቶስ ሁላችንንም በደሙ ከዋጀን የሰው ንብረት ልንሆን አይገባም የሚል ነው። ሉተር መጀመሪያ መሳፍንቱንም ገበሬዎቹንም ገሠጸ። ዓመፁ ሲበረታ ግን መሳፍንቱ ያለ ርኅራኄ እንዲመቷቸው ጻፈ። በሜይ 1525 ፍራንከንሃውዘን ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ገበሬዎች ታረዱ፤ በጦርነቱ በጠቅላላው የሞቱት እስከ 100,000 ይገመታሉ።

ከዚያ ወዲህ ተሐድሶው የሕዝብ ንቅናቄ መሆኑ እየቀረ በመሳፍንቱ እጅ ገባ። የገዳማቱን መሬት የወረሱት፣ ሰባኪዎቹንም የሚሾሙት እነርሱ ሆኑ። በ1555 በአውግስቡርግ በተደረገው ስምምነትም የአገሬውን ሃይማኖት የሚወስነው ገዢው ሆነ።

የዚህን ውጤት አይሁድም ቀምሰውታል። ሉተር በ1523 ወደ ክርስትና ይመጣሉ ብሎ ተስፋ በማድረግ በደግነት እንዲያዙ ጽፎ ነበር። በ1536 የሳክሶኒው ገዢ ዮሐን ፍሬድሪክ አይሁድን ከግዛቱ ሲያግድ፣ የጀርመን አይሁድ ተጠሪ የሮስሃይሙ ዮሰል ሉተር እንዲያማልድ ለመነው፤ ሉተር ግን እምቢ አለ። በ1543 ደግሞ መሳፍንቱ ምኩራቦችን እንዲያቃጥሉ የሚመክር መጽሐፍ አወጣ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ሉተር ስለ ነፍስ ነፃነት የተናገረውን ባለ እጁ ለግብሩ፣ ገበሬው ለጉልበቱ፣ መስፍኑ ለሥልጣኑ ተረጎመው። ቃሉን ያስፋፋው የሁሉም ብሶት ነው። በመጨረሻ ግን ፍሬውን የለቀመው ሰይፍ የያዘው ወገን ሆነ። ስለዚህ ስለ የትኛውም የሃይማኖት ለውጥ ስናነብ፣ ምን ተሰበከ ብለን ከጠየቅን በኋላ ማን ተጠቀመ፣ ማንስ ተረሳ ብለን ብንጠይቅ መልካም ነው።