የሬይናም ምትሐት

በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኖርፎክ አውራጃ፣ ከኢስት ሬይናም መንደር አጠገብ በ1619 እ.ኤ.አ. መሠራት የጀመረ የታውንዜንድ ባላባቶች ታላቅ ቤት አለ። ቤቱን ያስጠራው ግን ግንቡ ሳይሆን በደረጃው ትወርዳለች የተባለችው «ቡናማዋ እመቤት» ናት።

እመቤቲቱ ዶሮቲ ዋልፖል ናት ይባላል፤ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የሮበርት ዋልፖል እኅት፣ የቪስካውንት ቻርልስ ታውንዜንድ ሁለተኛ ሚስት። በ1726 በፈንጣጣ እንደ ሞተች ተመዝግቧል። አፈ ታሪኩ ግን ባሏ ቆልፎባት፣ ከልጆቿ ተለይታ እንዳለፈች ያወራል። በ1835 የገና ሰሞን ኮሎኔል ሎፍተስ የተባለ እንግዳ አየኋት አለ። ቀጥሎም ደራሲው ካፒቴን ማርያት ሽጉጥ ተኮሰባት ተባለ፤ ይህን ያሳተመችው ግን ልጁ ናት፣ ያውም በ1891፣ አባቷ ከሞተ ከ43 ዓመት በኋላ። በ1936 በደረጃው ላይ የተነሣው ፎቶግራፍ በካንትሪ ላይፍ መጽሔት ወጣ፤ በአንድ ፊልም ላይ ሁለት ጊዜ የተነሣ ነው የሚሉት ተቺዎች ይበልጥ ያሳምኑናል።

እኛ ግን «መሬት ላራሹ» ሲባል ሰምተን ያደግን ነንና ከደረጃው ይልቅ እርሻውን እንጠይቃለን። ያው ቻርልስ በ1730 ከሥልጣን ወርዶ ወደ ሬይናም ሲመለስ ስንዴን፣ ተርኒፕ የተባለውን ሥራ ሥር፣ ገብስንና ክሎቨር የተባለውን መኖ እያፈራረቁ መዝራትን አስፋፋ። መሬቱ ጦም ማደሩ ቀረ፤ ከብቱም የክረምት ቀለብ አገኘ። የፍላንደርስና የኖርፎክ ገበሬዎች ዘዴውን ቀድመው ያውቁት ነበር፤ «ተርኒፕ» የሚለው ቅጽል የቀረው ግን ለጌታው ነው።

የድኻው የጋራ ግጦሽስ? ከ1604 እስከ 1914 ፓርላማው ከ5,200 በላይ የመሬት ማጠሪያ ሕጎች አወጣ፤ የታጠረው ከእንግሊዝ መሬት አንድ አምስተኛውን ያህላል። መሬት አልባው የቀን ሠራተኛ ክረምቱን የሚገፋው እህል እየወቃ ነበር። የመውቂያ መኪና ያንንም ሲነጥቀው፣ በ1830 በኖርፎክና በሌሎች አውራጃዎች መኪናዎቹን ሰባበረ። በመላው ዐመፅ 19 ሰዎች ተሰቀሉ፤ 480 ያህሉ ወደ አውስትራልያ ተጋዙ።

ከዚያ አምስት ዓመት በኋላ የሬይናም የገና እንግዶች ያዩት ከመቶ ዓመት በፊት የሞተችውን እመቤት ነው። የለዩዋትም በግድግዳው ላይ በተሰቀለው ሥዕሏ ነበር፤ ማርያትም ያደረው ሥዕሏ ባለበት ክፍል ነው ይባላል። የአውድማ ሠራተኞቹን ግን ማንም አልሣላቸውም። ስማቸውን የምናገኘው በፍርድ ቤትና በእስረኛ መርከብ መዝገብ ነው።