ዘጠኝ ጥቁሮችና ያልታተመው ጋዜጣ

ቤዝቦል አይገባንም የምትሉ ወዳጆቻችን፣ አትሽሹ! እኛም ብንሆን ያደግነው በእግር ኳስ ነው። ዱላ፣ ኳስና በየቡድኑ ዘጠኝ ሰው መኖሩን ካወቃችሁ ለዛሬው ይበቃችኋል። የዛሬው ጉዳያችንም እነዚህ ዘጠኝ ሰዎች ናቸው።

ቀኑ ነሐሴ 26 ቀን 1963 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 1971)፣ ዕለቱ ረቡዕ፣ ቦታው የአሜሪካዋ ፒትስበርግ ነው። የከተማዋ ቡድን ፓይሬትስ ፊላዴልፊያ ፊሊስን ያስተናግዳል። ግጥሚያው የዋንጫ አይደለም፤ ተራ የሊግ ጨዋታ ነው። በትልቁ ስሪ ሪቨርስ ስታዲየም የተገኘው ተመልካች 11,278 ብቻ ነበር።

አሠልጣኙ ዳኒ መርቶ ያሰለፋቸው ሬኒ ስቴኔት፣ ጂን ክላይንስ፣ ሮቤርቶ ክሌሜንቴ፣ ዊሊ ስታርጄል፣ ማኒ ሳንጊየን፣ ዴቭ ካሽ፣ አል ኦሊቨር፣ ጃኪ ኸርናንዴዝና ዶክ ኤሊስ ነበሩ። አምስቱ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ክሌሜንቴ የፖርቶ ሪኮ፣ ስቴኔትና ሳንጊየን የፓናማ፣ ኸርናንዴዝ ደግሞ የኩባ ልጆች። ከዘጠኙ አንድም ነጭ የለም።

ይኼ ምን ይገርማል? ጃኪ ሮቢንሰን የቀለም አጥሩን ጥሶ የገባው በ1947 እ.ኤ.አ. ነው። ቦስተን ሬድ ሶክስ ግን የመጀመሪያውን ጥቁር ተጫዋች ያሰለፈው በ1959 ነው፤ ከሁሉም ቡድኖች መጨረሻ። ከሮቢንሰን እስከ ፒትስበርጉ ምሽት 24 ዓመት አለፈ ማለት ነው። የሚገርመው፣ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ነገሩን ያስተዋሉት ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ነበር። መርቶም ሲጠየቅ ቀለም አልቆጠርኩም ባይ ነው።

ፓይሬትስ 10 ለ 7 አሸነፈ። ወርዋሪው ኤሊስ ግን ብዙ ሳይቆይ ተቀየረ፤ ድሉ የተመዘገበለት ነጩ ሉክ ዎከር ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ቡድኑ ባልቲሞርን በሰባት ጨዋታ ረትቶ ሻምፒዮን ሆነ፣ ክሌሜንቴም ኮከብ ተባለ።

ጋዜጠኝነት የተማርን ሰዎች ይበልጥ የሚከነክነን ቀጥሎ ያለው ነው። በማግስቱ ፒትስበርግ ውስጥ ስለ ጨዋታው የሚያነቡት የከተማው ዕለታዊ ጋዜጣ አልነበረም፤ የጋዜጦቹ ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ ላይ ነበሩ። አድማ መብት ነው፤ አንወቅሳቸውም። ቢታተምስ ምን ይጻፍ ነበር? በዚያ ዘመን አንዳንድ ጋዜጠኞች ክሌሜንቴን በስሙ ሳይሆን «ቦብ» እያሉ ይጠሩት፣ የስፓኒሽ ቅላጼ ያለውን እንግሊዝኛውንም እንደ ድምፁ እየጻፉ መሳቂያ ያደርጉት ነበር። እሱም ይህንን አጥብቆ ይጠላ ነበር።

ብዙዎች ይህን ጨዋታ «በታሪክ የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ የጥቁሮች አሰላለፍ» ይሉታል። ቆይ፣ ቆይ! በ1930ዎቹ እዚያው ፒትስበርግ ውስጥ ክሮፎርድስና ሆምስቴድ ግሬይስ የሚባሉ የጥቁሮች ቡድኖች በየጨዋታቸው ጥቁር ተጫዋቾችን ያሰልፉ አልነበረም? የነጮቹ ሊግ በሩን ስለዘጋባቸው በራሳቸው ሊግ ነበር የሚጫወቱት። ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ከ1920 እስከ 1948 የነበሩትን ሰባት የጥቁሮች ሊጎች «ዋና ሊግ» ብሎ ያወቃቸው በዲሴምበር 2020 ነው። በዚህ ሂሳብ 1971 የመጀመሪያው ሊሆን አይችልም።

ለአሜሪካና ለናሽናል ሊግ ግን የመጀመሪያው ነበር። እናም ወዳጆቻችን፣ የትም ቦታ «በታሪክ የመጀመሪያው» የሚል ርዕስ ስታዩ፣ ቆጣሪው ማን እንደሆነና እነማንን ሳይቆጥር እንዳለፈ ጠይቁ። እኛም እንዲህ ያለ ርዕስ ስንጽፍ ይህንኑ ጠይቁን።