ስለ አዲስ አበባ የምድር መንቀጥቀጥ ሥጋት የታሪክ ምስክርነት

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር፥ እቴጌ ጣይቱንና መኳንንቱን ከእንጦጦ ተራራ ወደ ሜዳው የሳባቸው ፍል ውሃው ነበር። ያ ፍል ውሃ የሚወጣው መሬት ከተሰነጠቀበት ስፍራ ነው፤ ከተማዪቱ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ አጠገብ ተቀምጣለችና። እንግዲህ የመቈርቈሯ ምክንያትና ሥጋቷ ከአንድ ስንጥቅ የወጡ ናቸው።

በግእዝ ድልቅልቅ የሚባለው የምድር መናወጥ፥ በቀድሞ ዘመን የእግዚአብሔር ቍጣ ምልክት ሆኖ ይታሰብ ነበር። ጸሓፊ ባለበት በደጋ ሲደርስ በብራና ይሰፍራል፤ ጸሓፊ በሌለበት በቈላ ሲደርስ ግን ከሽማግሎች ጋር ይቀበራል። ስለዚህ የመዝገብ ዝምታ የምድር ዝምታ ሊባል አይገባም።

ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. በስተ ደቡብ ከሐይቆቹ አገር የተነሣ ታላቅ መናወጥ አዲስ አበባን አንቀጠቀጠ። ኀይሉ በመለኪያው ከ6 ተኩል እንደማያንስ ኋላ ተገምቷል። ከተማዪቱ ገና 20 ዓመት ያልሞላት ነበረች፤ የሕዝቡም ቤት በአብዛኛው እንጨትና ሣር ነበር። እንጨት ይወዛወዛል፤ በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግንብ ግን ይናዳል።

በ1950 ዓ.ም. ገደማ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን የነበሩት አባ ፒየር ጉዌን በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የምድር መናወጥ መመልከቻ ጣቢያ አቋቋሙ። ብዙም ሳይቈይ፥ በግንቦት 1953 ዓ.ም.፥ ከከተማው 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በካራ ቆሬ ምድር ተናወጠች። ማጀቴ ፈረሰች፤ የደሴ መንገድም ተሰነጠቀ። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር የሰርዶ መንደር ጠፋች፤ ሰውም ሞተ። አባ ጉዌን የመሣሪያውን ምልክት ከጥንት ጽሑፍና ከመንገደኞች ማስታወሻ ጋር አስተያይተው የአገሪቱን የመናወጥ ታሪክ በመጽሐፍ አወጡ።

የአንድን ከተማ ሥጋት የሚመዝን ሰው ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ መናወጡ የት ይነሣል፥ በስንት ዘመን ይመለሳል፥ ከተማው የቆመበትስ አፈር ምን ዐይነት ነው? ጽኑ ዐለት መናወጡን እንዳለ ሲያሳልፍ ለስላሳ አፈር ያበዛዋል። ሁለተኛውን ጥያቄ ያለ ታሪክ መመለስ አይቻልም፤ የመሣሪያው ዕድሜ ከአንድ ሰው ዕድሜ አይበልጥምና።

የመልሱ ክብደት በሕንፃ ደንብ ይታያል። የ1987 ዓ.ም. ደንብ የ100 ዓመት ዘመን አስቦ ለአዲስ አበባ የመሬት ስበትን 5 በመቶ የሚያህል የመናወጥ ኀይል መደበ፤ ከ20 ዓመት በኋላ የወጣው ደንብ ግን 475 ዓመት አስቦ 10 በመቶ አደረገው። ምድሪቱ አልተለወጠችም፤ የተመልካቹ ዐይን ራቀ እንጂ።

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌ አካባቢ መናወጥ ተደጋገመ፤ የካቲት 7 ቀን ሌሊት የደረሰው 6 ሆነ። ብዙ ሺህ ሕዝብ ከቀዬው ተሰደደ፤ በአዲስ አበባም በፎቅ የሚኖረው ወደ ደጅ ወጣ። የ1898 ዓ.ም. መናወጥ ያገኘው የሣር ቤት ነበር፤ የሚመጣው የሚያገኘው ግን ፎቅ ነው። ግንበኛው ደንቡን ሊጠብቅ የሚገባውም ስለዚህ ነው።