መልክ ሰጪው ማን ነው? የቡዳ ገጽታ ከይፋት ቆላ እስከ ኮምፒዩተር ጨዋታ

የሰው ልጅ የሚፈራውን ነገር መልክ ሳይሰጠው አይቀርም። ሰውን ሥጋውን ሳይነካ የሚበላ፣ ደሙን የሚመጥ፣ ሌሊት አውሬ ሆኖ የሚዞር ፍጡር በየአገሩ በየስሙ ይወራል። የምሥራቅ አውሮፓ ሕዝብ ቫምፓየር ይለዋል፤ በእኛ አገር የሚነገረው ግን ቡዳ ነው። ሁለቱን አንድ ናቸው ማለት አይቻልም። ቫምፓየር ከመቃብር የተነሣ ሙት ሲሆን ቡዳ የሚባለው በሕይወት ያለ ጎረቤት ነው። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። የሙት መልክ ቢበላሽ የሚጎዳ የለም፤ የጎረቤት መልክ ሲበላሽ ግን ተጎጂው በአጥር ማዶ ይኖራል።

የዚህ ዓመታዊ መጽሔት አንባቢዎች ብዙዎቻችን በኮምፒዩተርና በሥዕል ንድፍ ሥራ የተሰማራን ስለሆንን፣ ለገጸ ባሕርይ መልክ መስጠት የሙያችን አንዱ ክፍል ሆኗል። ስለዚህ ደም በላተኛ የሚባለው ፍጡር መልኩን ከወዴት እንዳገኘ መመርመር የተረት ወዳጆች ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የእኛም ጉዳይ ነው። ይህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የቫምፓየር ጨዋታዎች መልክን እንዴት እንደያዙት በአጭሩ አስረድቶ፣ ከዚያ ወደ ይፋት ቆላና ወደ መንዝ ደጋ ይመለሳል።

የአየርላንዱ ደራሲ ብራም ስቶከር «ድራኩላ»ን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ከ25 ዓመት በኋላ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1922፣ ጀርመናዊው ሙርናው «ኖስፌራቱ» በተባለው ድምፅ አልባ ፊልም ቫምፓየርን ራሰ በራ፣ ጆሮው የሾለ፣ ጣቱ የረዘመ፣ አፍንጫው የጎበጠ አድርጎ አቀረበው። ይህ መልክ በዚያ ዘመን አይሁድን ለማንቋሸሽ ከሚሣሉት ሥዕሎች ጋር እንደሚመሳሰል ብዙ ሐያስያን ጽፈዋል። ከፊልሙ 69 ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1991፣ በጠረጴዛ ዙሪያ የሚጫወቱት «ቫምፓየር፡ ዘ ማስከሬድ» የተባለው ጨዋታ በአሜሪካ ሲወጣ፣ ኖስፌራቱ የሚለው ስም ለአንድ ጎሣ ተሰጠ። የዚህ ጎሣ አባል አስቀያሚ ሆኖ ይፈጠራል፤ ሰው እንዳያየውም ከከተማ በታች ባለ የፍሳሽ ቦይ ይኖራል።

ከዚሁ የመነጨው «ብለድላይንስ» የተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣ። ተጫዋቹ ከ7 ጎሣዎች አንዱን፣ ከወንድና ከሴትም አንዱን ይመርጣል። ፊቱን ግን ራሱ አያበጀውም፤ መልኩ ከጎሣው ጋር ተያይዞ ይመጣለታል። ኖስፌራቱን የመረጠ ተጫዋች በአደባባይ በታየ ጊዜ የምሥጢሩ ሕግ እንደ ፈረሰ ይቆጠርበታል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው «ኦብሊቪየን» ሌላ መንገድ ያዘ። በዚያ ጨዋታ ሰው የአፍንጫውን ርዝመት፣ የጉንጩን ስፋት፣ የቆዳውን ቀለም በገዛ እጁ ያስተካክላል፤ ቫምፓየር ከሆነ በኋላ ግን ደም ሳይጠጣ በቆየ ቁጥር ፊቱ እየገረጣና እየከሳ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ሰዎች ሊያነጋግሩት እንኳ እምቢ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2022 ለተጫዋቾች በቀረበው «ቪ ራይዚንግ» ደግሞ ፊትና ጠጉር ከተዘጋጀ ዝርዝር ይመረጣል፤ ቫምፓየሩም ወደ ተኩላ ይለወጣል፣ የሰውን መልክ ለብሶም ከነጋዴ ይገበያያል።

ከእነዚህ ምሳሌዎች ሁለት ሥርዓት እናገኛለን። አንደኛው መልክ ከጎሣ የሚወረስበት ነው፤ ሁለተኛው ባለቤቱ መልኩን የሚመርጥበት ነው። በእኛ አገር ታሪክም ሁለቱ ሥርዓቶች ጎን ለጎን ኖረዋል።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ጀውሃን ይሻገራል። የጀውሃ ወንዝ ከምዕራቡ ደጋ ወርዶ በይፋት ቆላ በኩል ወደ አዋሽ ያቀናል። ይህ ምድር ከ13ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የወላስማ ሥርወ መንግሥት ያስተዳደረው የይፋት ሱልጣኔት አካል፣ ደጋውንና የባሕሩን ጠረፍ የሚያገናኝ የንግድ መተላለፊያ ነበር። ከጀውሃ ቀጥሎ በሚገኘው በሰንበቴ የእሑድ ገበያ አፋር፣ አርጎባ፣ ኦሮሞና አማራ ይገናኛሉ። በእንዲህ ያለ ገበያ መልክ ራሱ ይናገራል። የጠጉሩ አሠራር፣ የሽርጡ ወይም የኩታው አለባበስ፣ የአንገቱ ጌጥ ባለቤቱ ከየት እንደ መጣ ሳይጠየቅ ያስታውቃል። ይህ መልክ ባለቤቱ ወዶና ኮርቶ የሚይዘው ነው፤ ቅቤውን የሚቀባ፣ ጠጉሩን የሚያበጥር እርሱ ራሱ ነውና።

በዚሁ አካባቢ ግን በመልኩ ከጎረቤቱ የማይለይ አንድ የኅብረተሰብ ክፍል ነበረ። ይኸውም ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂውና ሸማኔው ነው። ቋንቋው የጎረቤቱ ቋንቋ፣ ልብሱም የጎረቤቱ ልብስ ነበር። ጠይብ ይሉታል፤ ቃሉ ጠቢብ ከሚለው ጋር የተዛመደ ሆኖ ሳለ በጊዜ ብዛት ስድብ ሆነ። ከጀውሃ በስተደቡብ በሚገኘው አንኮበር፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከ1831 እስከ 1835 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተቀመጡት ሚሲዮናዊው ክራፕፍና የእንግሊዝ መልእክተኛው ሃሪስ፣ በማንጠቅ ደን ስለሚኖሩ ጠቢባን ጽፈዋል። እነዚህ ሰዎች በእጅ ሥራቸው ሲፈለጉ በአስማተኛነት ይፈሩ ነበር። ማረሻውንና ጦሩን የሚሠራው ሰው ማረሻውን በሚገዛው ዘንድ የሚፈራ ሆነ ማለት ነው።

ጠይብ በመልኩ አልታወቅ ሲል፣ ፍርሃት ምልክት ፈጠረለት። በሰሜን ኢትዮጵያ ብዙ ዓመት የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ እ.ኤ.አ. በ1831 በታተመው ማስታወሻው እንደሚተርከው፣ ብረት ቀጥቃጮች ሌሊት ጅብ እንደሚሆኑ ይታመን ነበር፤ የሚያደርጉትም የጆሮ ጌጥ በተገደለ ጅብ ጆሮ ላይ ተገኘ ይባል ነበር። አንጥረኛው ለጌጥ ያደረገው ጉትቻ መወንጀያው ሆነ ማለት ነው። አሜሪካዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ሮናልድ ሬሚኒክ ደግሞ ከጀውሃ በስተምዕራብ ባለው በመንዝ ደጋ ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1974 አሳትሟል። በዚያ ጥናት እንደ ተመዘገበው፣ ቡዳ ዓይኑ እንከን ያለበት ወይም የሚያነባ፣ ሰውነቱ የከሳ፣ ፊቱ አመድ የመሰለ ነው ይባላል።

እነዚህን ምልክቶች ልብ ብሎ ያነበበ ሰው የዕለት ኑሮን ያገኝባቸዋል። ቀኑን ሙሉ በወናፍና በከሰል ጢስ ፊት የሚቀመጥ ሰው ዓይኑ ቢያነባ፣ ፊቱም አመድ ቢመስል ምን ያስገርማል? ርስት የሌለው፣ ሥራውን በእህል የሚለውጥ ሰውስ ቢከሳ ምን ያስደንቃል? የድካሙና የድህነቱ ምልክት የኃጢአቱ ምልክት ተደርጎ ተቆጠረበት። «ኦብሊቪየን» ደም ያጣውን ቫምፓየር በመገርጣትና በመክሳት እንዳስታወቀው ሁሉ፣ የመንዝም ወሬ የተራበውን ሰው በላተኛ አደረገው።

በሌላ ወገን፣ ቡዳን የሚፈራው ሕዝብ የገዛ ራሱን መልክ ሲለዋውጥ ኖሯል። ቆንጆ ልጅ ለዓይን ይጋለጣል ተብሎ ፊቱ ይሸፈናል፤ ክታብ ባንገቱ ይታሰርለታል፤ ጠጉሩ ተላጭቶ ቁንጮ ይተውለታል። ወንዱ ልጅ «አንቺ» እየተባለ እንደ ሴት የሚጠራበትም ጊዜ ነበር። እንግዲህ መልክን የማበጀት ጥበብ በእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ጨዋ የተባለው ለልጁ መልክ ሲመርጥ፣ ጠይብ የተባለው ግን መልኩን ሌላ ሰው መርጦለታል።

ይህን ልማድ ለማስቀረት መንግሥት የሞከረባቸው ጊዜያት አሉ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ፣ ሠራተኛውን በሥራው እየነቀፉ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ቆዳ ሠሪውን ፋቂ እያሉ መስደብን ከልክለዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅም መሬት ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሁሉ እንዲሰጥ ስለ ደነገገ፣ ርስት ያልነበረው የእጅ ባለሙያ በሕግ ፊት ባለመብት ሆነ። ይሁን እንጂ ዐዋጅ ስድብን ሊከለክል ይችላል እንጂ በሰው ልብ የተሣለውን ሥዕል አይፍቀውም። ከሰሜን ሸዋ መጥተው በአዲስ አበባ ቀጨኔ የሰፈሩት ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎች፣ ዋና ከተማው መካከል እየኖሩ እንኳ ይህ ስም ሲከተላቸው ቆይቷል። ከተማው ቡናውን በጀበናቸው እያፈላ፣ ወጡን በድስታቸው እየሠራ፣ ከእነርሱ ጋር መጋባትን ግን ሲሸሽ ኖሯል።

አሁን ወደ ሙያችን እንመለስ። በአገራችን የኮምፒዩተር ጨዋታ መሥራት ተጀምሯል፤ አዲስ አበባ የተመሠረተው ቅኔ ጌምስ ያወጣው «ኩኩሉ» ለዚህ ምስክር ነው። ወደፊት ከመካከላችን አንዱ የአገር ተረት የሞላበት፣ ጅብ የሚሆን ሰው ያለበት ጨዋታ ለመሥራት ቢነሣ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ነገር ግን ቡዳውን ሲሥል ወናፍ አጠገብ ቢያስቀምጠው፣ ጉትቻ ቢያደርግለት፣ ዓይኑን ቢያቀላው፣ «ብለድላይንስ» በኖስፌራቱ ላይ እንዳደረገው መልክን ከዘር ጋር ቢቆልፈው፣ የሠራው ጌጥ አይደለም፤ በሰንበቴ ገበያ ማረሻ የሚሸጠውን ሰው ልጅ ዳግመኛ ከሰሰ ማለት ነው። ያ ልጅም ከጨዋታው ፊት ከሚቀመጡት አንዱ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ተረቱን መጣል አይደለም። ተረት የሕዝብ ሀብት ነው፤ ጅቡም ይጩኽ፣ ሌሊቱም ይጨልም። የሚያስፈልገው በላተኛውን ከሙያና ከዘር መፍታት፣ መልኩንም ለተጫዋቹ ምርጫ መተው ነው። ተጫዋቹ ባለርስቱን፣ ነጋዴውን፣ መኳንንቱን ወይም ራሱን በላተኛ አድርጎ ሊሥል ይችላል፤ ያን ጊዜ ክፋት የአንድ ወገን ፊት እንደሌላት ከመጽሐፍ ይልቅ በእጁ ይማራል። ብረት ቀጥቃጩም በጨዋታው ውስጥ በቀድሞ ስሙ፣ በጠቢብነቱ ይግባ። መዶሻው፣ ጉጠቱና ወናፉ በትክክል ይሣሉለት፤ ማረሻውን ከእጁ የሚቀበለውም ገበሬ ቀና ብሎ ፊቱን ይየው።